ጋሼ ክሩና ሃያዎቹ ዲስኮች

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ጨዋታችንን ከመለዋወጫ ሱቁ ባንኮኒ እንጀምር።

ሰኞ ጠዋት ነው። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሬዲዮና ቴፕ ከሚጠገንባት ጠባብ ሱቅ ገቡና ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለች፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ጎማ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሯት። ጎማዋ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች።

«የዚህች እህት አለችህ?» አሉ።

ባለሱቁ ጎማዋን አገላብጦ አየና ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ እህቷ ቀርታ የልጅ ልጇም ሞታለች። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ዛሬ ያለው ሙዚየምና እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

ሰውየው የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ክምችት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቴፕ ክር ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ስለኖሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ክሩ ይላቸዋል፤ የመዝገብ ስማቸውን ከሰው ኃይል ጸሐፊዋ በቀር የሚያስታውስ የለም። በጣቢያው ምድር ቤት አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጥቅል ክር አላቸው። ያን ሁሉ ጥቅል የሚያጫውተው ደግሞ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ጎማዋ የዚያ መሣሪያ ናት። እሷ ካለቀች መሣሪያው ይቆማል፣ መሣሪያው ከቆመም የአርባ ዓመት ድምፅ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው ነው።

«እንግዲያው ከሌላ ጎማ ቁረጥና አስተካክልልኝ» አሉ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሥራ አስኪያጁ እስከ ዓርብ ክሩ ይገልበጥ ብለህ ካልፈረምክ ክፍሉን አስለቅቅሃለሁ ብሎኛል። አንዲት ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ይልኩብኛል አሉ፣ ያን ሁሉ ክር ወደ ዲስክ ልትገለብጥ! አልፈርምም። ዲስክ ምድር ቤቴ አይገባም።»

ከጎናቸው ቦርሳዋን አቅፋ ተራ የምትጠብቅ ወጣት ዞር አለች። «ዲስክ ምን በደለዎት ጋሼ?»

«ምን በደለኝ? ሃያ ሰው ገደለብኝ።»

ልጅቱ ደነገጠች። ባለሱቁም መፍቻውን አስቀመጠ።

«አትደንግጪ፣ ሰዎቹስ በዕድሜያቸው ነው የሞቱት። የገደለብኝ ድምፃቸውን ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የሃያ አዛውንቶች ጨዋታ ከክር ወደ ዲስክ ተገለበጠ። ‹ክሩን አጥፍታችሁ ለሌላ ቀረጻ አውሉት› ተባልን፣ አዋልነው። በዓመቱ ዲስኮቹን ባጫውት አንዱም ትንፍሽ አላለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ትይኝ ይሆናል። እኔ ግን ያየሁት እባቡን ራሱን ነው!»

ልጅቱ ቦርሳዋን ይበልጥ አቀፈች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያቺ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣችው እኔ ነኝ።»

ጋሼ ክሩ ጎማዋን ቀስ ብለው መሐረቡ ውስጥ መልሰው ጠቀለሏት።

እዚህ ላይ አንባቢ «ግትር ሽማግሌ!» ብሎ እንዳይፈርድባቸው እለምናለሁ። የተቃጠለ ሰው እሳት ቢፈራ ግትር አይባልም። የጋሼ ክሩ ጥፋት መፍራታቸው አይደለም፤ ያቃጠላቸው እሳት ከየት እንደተነሣ ሳይጠይቁ ዘጠኝ ዓመት መቀመጣቸው ነው። ይህ ደግሞ የርሳቸው ብቻ ጥፋት አይደለም፣ የብዙዎቻችን ነው።

አብረው ወደ ጣቢያው ሄዱ። ምድር ቤቱ ረጅም ነው። የብረት መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ይነካሉ፣ አንዳንዱ ያረጀ ክርም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ጋሼ ክሩ ለልጅቱ የምትቀመጥበት ዱካ ሰጧትና እርሳቸው ቆሙ።

«እሺ፣ አስረጂኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው ነው ያሳደጉኝ። ካልገባኝ ግን አልፈርምም። መጀመሪያ ነገር፣ መርፌው የታል?»

«መርፌ የለውም ጋሼ። የሚያነበው ብርሃን ነው።»

«ብርሃን አይነካም። ያልነካውን እንዴት ያነባል?»

«እርስዎስ ጋዜጣ ሲያነቡ ፊደሉን ይነኩታል?»

ጋሼ ክሩ በእጃቸው «ቀጥዪ» አሏት።

«ዲስኩ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበራ ስስ ሽፋን አለ» ስትል ቀጠለች። «እዚያ ላይ እንደ ዘፈን ሸክላ እየዞረ የሚሄድ አንድ ረጅም መስመር አለ፤ መስመሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ምልክቶች ተደርድረዋል። ሌዘር የሚባል ቀጭን ብርሃን ይወርድባቸዋል። ሜዳው ላይ ሲያርፍ ደምቆ ይመለሳል፣ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ይደበዝዛል። መሣሪያው መድመቁንና መደብዘዙን እየተከታተለ ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ደግሞ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል።»

«ቆይ ቆይ። ድምፁ የት አለ?»

«ድምፁማ የለም፤ ያለው ቁጥሩ ነው።»

«ድምፄን ቁጥር አደረግሽው? ክር ላይ እኮ ድምፅ ድምፅ ነው!»

«ክሩም ላይ ድምፅ የለም ጋሼ። ማግኔት ነው ያለው።»

ጋሼ ክሩ ወደ መደርደሪያዎቻቸው ዞሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሲጠብቁ የኖሩ መስሏቸው ነበር፤ አሁን ማግኔት ስትላቸው የሚያውቁት ክፍል የሌላ ሰው ክፍል መሰላቸው። ራሳቸውን አከኩ። የገባቸው ነገር እንዳለ ለማስመሰል ፈለጉ፣ ግን ውሸት አይሆንላቸውም።

«ዞረብኝ» አሉ በግልጽ። «ግን ቀጥዪ። ይህ ሁሉ ክር ስንት ዲስክ ይፈጃል?»

«አራት።»

«አራት መቶ?»

«አራት፣ ጋሼ። አንዱ ዲስክ ከሦስት መቶ ጥቅል በላይ ይይዛል።»

ጋሼ ክሩ ከፋቸው። ደስ ሊላቸው ሲገባ ከፋቸው። አርባ ዓመት በአራት ሳህን! ባንድ እጅ ተይዞ የሚሄድ! «አታሹፊብኝ» አሉ። «የድሮው ዲስክ እኮ አንዱ ሁለት ጥቅል ተኩል አይይዝም ነበር። መጠኑ ያው ነው። ከየት የመጣ ስፋት ነው?»

«ብርሃኑ ቀጠነ። የድሮው ሲዲ የሚነበበው ዓይን በማያየው፣ ከቀይም በባሰ ወፍራም ጨረር ነው። ዲቪዲ በቀዩ ሆነ። ይህኛው፣ ብሉሬይ የሚሉት፣ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ሰማያዊ ነው የሚነበበው። ሰማያዊ ሲሰበሰብ ነጥቡ ከቀዩ ያንሳል። ነጥቡ ካነሰ ምልክቱን ማሳነስ፣ መስመሩንም ማቀራረብ ይቻላል። ያው ሳህን ላይ የሲዲው መስመር ቢዘረጋ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዚህኛው ሃያ ሰባት ይደርሳል፣ ያውም አንዱ ፎቅ ብቻ።»

ጋሼ ክሩ ኪሎ ሜትሩን ሰምተው ጭራሽ ጠፋባቸው። ቆይተው ግን አንድ ነገር ብልጭ አለላቸው፤ እጃቸውም ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ። ሁለት ሸክላ አወረዱ፤ አንዱ ወፍራምና ከባድ፣ ሌላው ቀጭን።

«ይህ ወፍራሙ መስመሩ ሰፊ ነው። መርፌውም ወፍራም ነበር። ባንድ ገጽ ሦስት አራት ደቂቃ ይዘፍንና ያበቃል። ኋላ መርፌ አቀጠኑ፣ መስመሩን አቀራረቡ፣ ይህ ቀጭኑ ባንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ ያዘ። አንቺ የምትይኝ ይህንኑ ነው? መርፌው ቀጠነ ነው?»

ልጅቱ ከዱካው ተነሣች። «ጋሼ፣ አስተማሪዬ ሁለት ወር የፈጀበትን እርስዎ በሁለት ሸክላ ጨረሱት!»

«ታዲያ ቀጭኑን ቀድመው ለምን አልሠሩትም?»

«አልቻሉማ። ሰማያዊ የሚያበራው ቁስ እምቢ አለ። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌላ ዞሩ፤ ጥቂት ግትሮች ብቻ ያንኑ ሲያነድዱና ሲያከስሉ ዓመታት ቆዩ። በመጨረሻ በራላቸው።»

«ግትሮች አልሽ?»

«ግትሮች።»

ጋሼ ክሩ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ከዚያ ደግሞ ኩባንያዎቹ ለሁለት ተከፍለው ‹የኔ ይሻላል፣ የኔ ይሻላል› ተባባሉ» አለች። «የአንዱ ዲስክ በሌላው መሣሪያ አይጫወትም። ገዢው የቱን እንደሚይዝ ግራ ገባው። ሁለት ዓመት ያህል ተናንቀው አንደኛው ጎራ እጁን ሰጠ።»

«ተመስገን፤ ግራ የገባኝ እኔ ብቻ አይደለሁማ። ፎቅ ያልሽውስ ምንድን ነው?»

«አንዱ የምልክት ሽፋን በሌላው ላይ ይደረባል፣ እስከ ሦስት። ብርሃኑ አንዱን ሲያነብ ሌላውን ያልፈዋል። በመስኮት መንገዱን ሲያዩ መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ ይታይዎታል?»

«መንገዱን ሳይማ አይታየኝም። አቧራውን ላየው ካልኩ መንገዱ ይጠፋኛል።»

«እንደዚያው ነው።»

ገባኝ ሊሉ ፈለጉ፤ ግማሹ ገብቷቸዋል፣ ግማሹ ደግሞ ገና ደጅ ቆሟል። በዚህ መሀል ከጠረጴዛው ላይ አንዱን አዲስ ዲስክ አንሥተው በመሐረባቸው ዙሪያውን እያዞሩ መወልወል ጀመሩ። ልጅቱ እጃቸውን ያዘች።

«ዙሪያውን አይደለም ጋሼ፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ነው።»

«ሸክላ መስመሩን ተከትሎ ነው የሚወለወለው! ይህን እኔ ላስተምርሽ እንጂ አንቺ አታስተምሪኝም።»

«ሸክላማ ልክ ነዎት። ዲስክ ላይ ግን መስመሩን ተከትሎ የሄደ ጭረት አንድን ቦታ በረጅሙ ያጠፋዋል። መስመሩን አቋርጦ የሄደ ጭረት ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ነው የሚነካው። መልእክቱ ሲጻፍ ማረሚያ አብሮ ስለሚጻፍ ያቺን ጥቂት መሣሪያው ራሱ ይሞላታል። ይህኛው ደግሞ ምልክቶቹ ከሚያበራው ገጽ ሥር፣ በአንዲት ወረቀት ውፍረት ነው ያሉት። ነጥቡ እንዲጠብ ብለው ወደ ሌንሱ ስላቀረቧቸው ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጭረት ፈርተው በፕላስቲክ ቤት ከተው ይሸጡት ነበር፤ ኋላ ጠንካራ ቅብ ተገኘለት።»

«የድሮው ሲዲስ? የሱስ ምልክት የት ነው ያለው?»

«የሱ በተቃራኒው ነው። ከላይ ነው፣ ጽሑፍ የሚጻፍበት ገጽ ሥር። ሰው የሚያበራውን ገጽ ይጠነቀቅለታል እንጂ፣ የሚጎዳውስ ከላይ ነው።»

ጋሼ ክሩ መወልወላቸውን አቆሙ። ወደ ክፍሉ ጥግ ሄዱና አንድ የጫማ ካርቶን ይዘው መጡ። ሃያዎቹ ዲስኮች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ፣ ከመሃሉ ቀዳዳ ጥግ ጥግ፣ በእስክሪብቶ ተጭነው የጻፉት ቁጥርና ስም አለ፤ ጽሑፉ ያምራል፣ የማኅተም ያህል ነው።

«መሃሉ ላይ የጻፍኩት አውቄ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ሸክላ ከጠርዝ ይጀምራል፣ ወደ መሃል ሄዶ ያልቃል። መሃሉ ወረቀት የሚለጠፍበት ባዶ ቦታ ነው። ድምፁን እንዳልነካ ብዬ ነው።»

ልጅቱ ቁጥር ሰባትን አንሥታ ወደ አምፖሉ አዞረችው። ደጋግማ አገላበጠችው።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ጋሼ... ዲስክ የሚጀምረው ከመሃል ነው።»

«ከመሃል ማለት?»

«ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። መሃሉ ላይ ማውጫው አለ፤ ምን እንደተቀዳና የት እንዳለ የሚናገረው። መሣሪያው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። እሱን ካጣ ‹ባዶ ነው› ብሎ ይተፋዋል።» የሚያበራውን ገጽ አሳየቻቸው። የራሳቸው ሰባት ቁጥር ተገልብጣ፣ በመስታወቱ ውስጥ ጉልህ ሆና ታየቻቸው።

ጋሼ ክሩ የባዶ ጥቅል ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ያልገባቸው ነገር ብዙ ነበር፤ ይህ ግን ወዲያው ገባቸው። ምነው ባልገባኝ አሉ በሆዳቸው።

«እኔ ነኝ?»

«ማንም አላስረዳዎትም ጋሼ፣ እንዴት...»

«እኔ ነኝ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አዎ ጋሼ።»

ቁጥር ሰባት ታላቅ እህታቸው ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻቸው እትዬ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ ስለ ሥራዋ የተናገረችውን የቀረጹት ራሳቸው ናቸው። እሷ ባረፈች ሳምንት ድምፅዋን ልስማ ብለው ዲስኩን ቢከቱት ዝም አላቸው። ዘጠኝ ዓመት ያንን ዝምታ በዲስክ ላይ ሲያላክኩ ኖሩ። አሁን አልፈርምም ለማለት ምክንያት አልቀራቸውም፣ ለመፈረም ደግሞ እጃቸው ከበደ። እፍረቱና ኀዘኑ ተደባልቆባቸው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

ልጅቱ ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ማውጫው ቢቀደድም መጽሐፉ አልተቃጠለም። ማውጫውን ዘልሎ እያንዳንዱን ገጽ የሚፈልግ መሣሪያ አለኝ። ቃል አልገባም፤ እስከ ሐሙስ ይስጡኝ።»

ጋሼ ክሩ ለማንም ሰጥተው የማያውቁትን ካርቶን ሰጧት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠራቻቸው። ዓይኗ ቀልቷል። «አሥራ ሰባቱ ወጥተዋል፣ መጀመሪያቸው ጥቂት ጥቂት ጎድሏል። ሦስቱ እምቢ አሉኝ፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት።»

እነዚያን ሦስቱን ያስታውሷቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ስለነበሩ ጽሑፉ እንዲያምር ሁለት ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነበር የጻፉባቸው።

ልጅቱ ቁጥር ሰባትን ከፈተችላቸው። ጥቂት ተንኮሻኮሸና የሴት ድምፅ ከመካከል ጀመረ።

«... ታዲያ ተሳስቼ የሰው መስመር ስነቅል ምን አደርጋለሁ መሰለህ? ዝም አልልም። ‹እኔ ነኝ የቆረጥኳችሁ፣ ይቅርታ› እላለሁ። ይሰድቡኛል። ይስደቡኛ! ግን ስልኩን አይወረውሩም፣ ሽቦውን አይረግሙም፤ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፣ እኔም መልሼ አገናኛቸዋለሁ። አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? ይልቅ ማይኩን ጠጋ አድርገው፣ አንገቴን ሰግጌ ደከመኝ!»

ቀጥሎ የአንድ ወንድ ሳቅ ተሰማ። የራሳቸው ሳቅ ነው፣ የዛሬ ስንት ዓመቱ። ጋሼ ክሩ ዱካው ላይ እንዳሉ አለቀሱ፤ ልጅቱም መደርደሪያ የምታስተካክል መስላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ ወረቀቱን አቀረበላቸው። ጋሼ ክሩ ከመፈረማቸው በፊት ቆሙ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ዳዋውን ስመታ ኖሬአለሁ። አይጡ እኔ ነኝ።» ሰው ሊስቅ ፈለገ፣ ፊታቸውን አይቶ ተወው። «ሃያውን ዲስክ ያበላሸሁት በገዛ እጄ ነው። አዲሱን ዕቃ በአሮጌው ዕቃ ሕግ ያዝኩት። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይነገረኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም ሸክላ የማውቅ ሰው ነኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና ይኸው ነገርኳችሁ።

አሁን ስሙኝ። ክሩ ይገልበጥ። መሣሪያዬ ሊቆም ነው፣ ክሩም እየሻገተ ነው፤ ዲስክ ላይ ሲሆን ማንም ሳይነካው በብርሃን ይነበባል፣ ቢሰማም አያልቅም። አራት ሳህን ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ መገልበጥ አይከብድም፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ ጥቅል ግን ማን ሁለት ቦታ ያኖራል? ዲስክም ይሞታል፣ አትሞኙ። በየጥቂት ዓመቱ እየከፈታችሁ እዩት። ደግሞም ቅጂው በጆሮ ሳይሰማ ዋናውን የሚያጠፋ ሰው ከንግዲህ በዚህ ቤት አይኑር። እኛን የጎዳን ይህ ልማድ ነው።»

ይህን ብለው ፈረሙ። ልጅቱ ስለ ሰማያዊው ብርሃን ከተናገረችው ግማሹ እስከ ዛሬ አልገባቸውም፤ ይህንኑም ለሚጠይቃቸው ሁሉ ሳያፍሩ ይናገራሉ። አንባቢዬ፣ ሁሉ እስኪገባህ አትጠብቅ፤ ግን ያልገባህን ሳትጠይቅ እጅህን አታስገባበት። የዚህ ጨዋታ ምክሩ ይኸው ነው።

ጨዋታው ግን አላለቀም። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ክሩ ኮታቸውን ለብሰው አንድ በር አንኳኩ። ቁጥር አንድ፣ ለብዙ ሺህ ልጅ እጇን የዘረጋች አዋላጅ ነበረች፤ ቤቱ የልጇ ነው። በሩን የከፈተችው ሴት ጸጉሯ ሸብቷል።

«የእናትሽ ድምፅ እኛ ጋ ነበር» አሉ። «ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ መጣሁ።»

ሴትዮዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች አየቻቸው። ትጮህብኛለች ብለው ጠበቁ፤ በሩን ትዘጋብኛለች ብለውም ጠበቁ።

«እርስዎ ሰምተውታል?» አለች በመጨረሻ።

«የቀረጽኳት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

«ምን ብላ ነበር?»

ጋሼ ክሩ ግራ ገባቸው። ይህን ጥያቄ ጨርሶ አላሰቡትም ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲፈልጉት ግን አገኙት፤ የአዋላጇ ሳል፣ ወንበሯን ስትስብ የጮኸው ድምፅ፣ የመጀመሪያዋ ቃል።

ሴትዮዋ ከበሩ ዞር አለችላቸው። ገብተው ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀመሩላት።